ለራሳችሁ የሚስማማ የሞተር ሄልሜት እንዴት ይመረጣል?

ሄልሜት ሊገዛ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል። ቀጥሎ ቀለም ያማርጣል። ከዚያ መስታወቱ ጥቁር ይሁን ነጭ እያለ ያወጣል ያወርዳል። ጭንቅላቱ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ግን አንዴ ጫን አድርጎ አይቶ፣ "ይሆናል" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ልክ ይቅደም፣ የጭንቅላት ቅርጽ ይከተል፣ ከዚያ የሄልሜቱ ዓይነት ይምጣ። ቀለም መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ምክንያቱም የማይመች ሄልሜት አይደረግም። ባህር ዳርም ሆነ ሐዋሳ መንገድ ዳር ቆማችሁ ብታዩ፣ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ወይም ታንከሩ ላይ አስቀምጦ የሚነዳ ሞተረኛ አታጡም። ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ያደርጋል፣ ሲያልፍ ያወልቃል። ብትጠይቁት "ግንባሬን ያመኛል፣ ጆሮዬን ይደፍነዋል፣ ያፍነኛል" ይላችኋል። ሰበብ እየፈለገ አይመስለኝም። ልኩ ያልሆነ ነገር ገዝቶ እየተሰቃየ ነው።

ጉዳዩ ደግሞ የምቾት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 61 ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሮ ነበር። ሄልሜት በአደጋ የመሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ ጭንቅላት ላይ የሚደርስ ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ ይቀንሳል የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሷል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ሄልሜቱ በአደጋው ሰዓት ጭንቅላት ላይ ካለ ነው። ታንከር ላይ የተቀመጠው ምንም አያደርግላችሁም። ልል ሆኖ ከራስ ላይ የሚወልቀውም ከዚያ ብዙ አይሻልም።

ሜትር ያዙ

ልብስ ሰፊዎች የሚለኩበትን ሜትር ያዙ። ከቅንድባችሁ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከጆሮ በላይ አሳልፋችሁ፣ ከኋላ ጭንቅላታችሁ ጎልቶ በወጣበት ቦታ አዙሩት። ሁለት ሦስት ጊዜ ለኩና ትልቁን ቁጥር ውሰዱ። ሜትር ከሌለ ገመድ አዙሩና ገመዱን በማስመሪያ ለኩት።

አብዛኞቹ ፋብሪካዎች 55–56 ሴንቲ ሜትርን ስሞል፣ 57–58ን ሚዲየም፣ 59–60ን ላርጅ፣ 61–62ን ኤክስ ላርጅ ይሉታል። አብዛኞቹ አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም። የአንዱ ላርጅ የሌላው ሚዲየም የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሱቅ ገብታችሁ "ላርጅ ስጠኝ" አትበሉ። ቁጥራችሁን ያዙ፣ ሄልሜቱ ውስጥ ወይም ካርቶኑ ላይ በሴንቲ ሜትር የተጻፈውን ፈልጉ፣ ሁለቱን አስተያዩ። የትም ቦታ ቁጥር ካልተጻፈበት እኔ በጥርጣሬ ነው የማየው።

ሁለት ልክ መካከል የምትወድቁ ከሆነ ትንሹን መጀመሪያ ሞክሩ። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይረግባል። ዛሬ ገና ሱቅ ውስጥ ዘና ብሎ የገባላችሁ ሄልሜት፣ ከወር በኋላ በፍጥነት ስትነዱ ራሳችሁ ላይ ይጫወታል።

የፀጉር ነገርም አለ። ብዙ ጊዜ በምትነዱበት የፀጉር አሠራር ለኩ፣ በዚያው ሞክሩ። ቀጭን ሆኖ ወደ ኋላ የወረደ ሹሩባ ብዙም አያስቸግርም። አናት ላይ ወይም ማጅራት ላይ የተቋጠረ ፀጉር ግን ሄልሜቱን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፣ ወደ ፊትም ይገፋዋል። ከዚያ የፊቱ ጠርዝ ቅንድብ ላይ ወርዶ ያርፋል። ቋጠሮውን ከሄልሜቱ ጠርዝ በታች ማውረድ ይሻላል። ትልቅ አፍሮ ያለው ሰው ፀጉሩን አስቦ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ ይገዛና፣ ሲቆረጥ ሄልሜቱ ባልዲ ይሆንበታል። ለእሱ የምመክረው ፀጉሩን በስስ የጨርቅ ቆብ ጠቅልሎ አስተኝቶ በትክክለኛ ልኩ መግዛት ነው። ሻሽ ወይም ሂጃብ የምታደርጉም ስስ ጥጥ ሆኖ፣ ከኋላ ቋጠሮ የሌለው፣ መርፌ ቁልፍም ያልተሰካበት ቢሆን ይመረጣል።

ክብ ራስና ሞላላ ራስ

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። "ለእኔ ሄልሜት አይስማማኝም" የሚሉ ሰዎች ችግር ብዙውን ጊዜ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ሁለት ሰዎች ሜትር ላይ እኩል 58 ሊወጡ ይችላሉ። የአንደኛው ጭንቅላት ከላይ ሲታይ ከግንባር እስከ ማጅራት ረዘም፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ጠበብ ያለ ነው። የሌላኛው ክብ ለመባል ምንም አልቀረውም። ያው አንድ ሚዲየም ሄልሜት አንዱን ቀኑን ሙሉ ይመቸዋል፣ ሌላውን በሩብ ሰዓት ራስ ምታት ይለቅበታል። ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ የውስጡን ቅርጽ በሦስት ይከፍሉታል፤ ሞላላ፣ መካከለኛና ክብ። ገበያ ላይ የሚበዛው መካከለኛው ነው። የጃፓኑ ሄልሜት ፋብሪካ አራይ አሜሪካ ውስጥ ለየቅርጹ ለየብቻ ይሸጣል፤ ሲግኔት ኤክስ ለሞላላ ራስ፣ ኳንተም ኤክስ ለክብ ራስ። ርካሽ ሄልሜት ላይ ግን ቅርጹ ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ ጽሑፍ አይኖርም። ሰውነታችሁን ነው መጠየቅ ያለባችሁ።

ፀጉራችሁን በውኃ አስተኙና አንድ ሰው ከላይ በስልክ ፎቶ ያንሳችሁ። ቅርጻችሁ ከፎቶው በግምት ይታያል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሕመሙ ራሱ ይነግራችኋል።

ሄልሜቱ ግንባራችሁን መሃል ላይ እየተጫነ፣ ከጆሮ በላይ በጎን በኩል ግን ጣት የሚያስገባ ከሆነ፣ ራሳችሁ ሞላላ ሄልሜቱ ክብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ቁጥር ይጨምራል። ግንባሩ ትንሽ ፋታ ያገኛል፤ ጎኑ ግን ጭራሽ ይለቃል። ራሳችሁን ስታዞሩ ሄልሜቱ ዘግይቶ ይከተላችኋል። ነፋስ ሲያገኘውም ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ቁጥር መጨመር የቅርጽን ችግር አይፈታም። ሌላ ሞዴል ሞክሩ።

ተገላቢጦሹም አለ። ከጆሮ በላይና ከዓይን ጎን ሁለቱንም ወገን እንደ ጉጠት ይዟችሁ፣ ግንባራችሁ ጋ ግን ክፍት ከሆነ፣ ራሳችሁ ክብ ነው፤ ሄልሜቱ ነው የሞለለው። ይኸኛው ሕመም ተንኮለኛ ነው። ሱቅ ውስጥ ብዙም አይሰማም። ግማሽ ሰዓት ከነዳችሁ በኋላ ነው ጎንና ጎን መውቃት የሚጀምረው። መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ጥፋቱን መነጽራቸው ላይ ያላክኩታል፤ ፍሬሙን ይቀይራሉ፣ ሕመሙ ግን አይለቃቸውም።

ሄልሜቱን ለ20 ደቂቃ አድርጋችሁ ስታወልቁት ወዲያው መስታወት ፊት ቁሙ። ግንባራችሁ ላይ ሰፋ ብሎ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ አሻራ ቢኖር ምንም አይደለም። ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሳንቲም ያህል ጎልቶ የቀረ ምልክት ካለ ግን ያ ሄልሜት የእናንተ አይደለም። ቆዳችሁ ጠቆር ያለ ከሆነ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በጣታችሁ ዳስሱት። የተጫነበት ቦታ ቆዳው ገባ ብሎ፣ የስፖንጁን ስፌት አሻራ ይዞ ታገኙታላችሁ። ጫን ስትሉት የሚያም ከሆነ ጥያቄው አለቀ።

ሻጩ "ሲለምድ ይሰፋል" ሲላችሁ

ይላችኋል። ከፊሉ እውነት ነው፣ ከፊሉ አይደለም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው ዋናው።

ሄልሜት ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር አለ። አንዱ ጨርቅ የለበሰው ለስላሳ ስፖንጅ ነው፤ ጉንጭ ላይ ወፈር፣ አናት ላይ ሳሳ ይላል። ከሱ ኋላ ደግሞ ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበትን የሚመስል ደረቅ ፎም አለ። ስፖንጁ ለምቾት ነው። ደረቁ ፎም አደጋ ሲደርስ ተጨፍልቆ የምቱን ኃይል የሚውጥላችሁ ነው፤ ሕይወት የሚያተርፈው እሱ ነው። በመልበስ ብዛት የሚለሰልሰው ስፖንጁ ብቻ ነው። ደረቁ ፎም ለጭንቅላታችሁ ብሎ ቦታ አይለቅም።

ስለዚህ ጉንጫችሁን አጥብቆ የያዘ ሄልሜት ተስፋ አለው። አፋችሁን ትንሽ አሹሎ፣ ማስቲካ ብታኝኩ የጉንጫችሁን ውስጥ የሚያስነክስ ከሆነ፣ ለአዲስ ሄልሜት ጤናማ ነው። በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። ግንባር ላይ ወይም አናት ላይ የሚወጋ ግን ስፖንጁ ሳስቶ ከኋላው ያለው ደረቅ ፎም ነው የሚነካችሁ። ያ ሲውል ሲያድር ይብሳል እንጂ አይለምድም። ሻጩን ከልባችሁ አመስግናችሁ ሌላ አስወርዱ።

አሁን ሙከራው። ሁለቱን የማሰሪያ ጫፎች ያዙና ወደ ጎን ሳብ አድርጋችሁ ከኋላ ሳይሆን ከግንባር ጀምራችሁ አስገቡ። ሲገባ ጆሮን እያጠፈ መግባቱ ያለ ነው፤ ከገባ በኋላ ጣት ሰዳችሁ ጆሯችሁን ዘርጉት። ጉትቻ ካለ አስቀድሞ ይውለቅ። ከገባ በኋላ የፊት ጠርዙ ከቅንድባችሁ አንድ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። አናታችሁም የውስጡን ጣሪያ መንካት አለበት። እዚያ ጋ ባዶ ቦታ ከተሰማችሁ ልኩ ወይም ቅርጹ አልመጣም።

በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ግራና ቀኝ አዙሩት። የግንባርና የጉንጭ ቆዳችሁ አብሮ መሳብ አለበት። ሄልሜቱ ብቻውን እየተንሸራተተ ቆዳችሁ ባለበት ከቀረ ልል ነው። ቀጥሎ ማሰሪያውን እሰሩና ጎንበስ በሉ። ሌላ ሰው ከማጅራት በኩል ያለውን የታችኛውን ጠርዝ ይዞ ወደ ላይና ወደ ፊት ይግፋው። ይህን ሙከራ ሳያደርጉ ባይገዙ ደስ ይለኛል። ታስሮ እያለ በግፊት የሚወልቅ ሄልሜት አስፋልት ላይ ከእናንተ ቀድሞ ይሄዳል።

ከዚያ ሳታወልቁት ቆዩ። ጓደኛችሁን አዋሩ፣ ስልክ ነካኩ፣ የሱቁን ዕቃ ተመልከቱ። 20 ደቂቃ ለሻጩ ረጅም ቢመስልም ለእናንተ የዓመታት ጉዳይ ነው። ሱቁ ጭር በሚልበት ሰዓት፣ ጠዋት ላይ ብትሄዱ ሻጩም አይጨነቅም።

ሙሉ፣ ተነሺ ወይስ ክፍት

ልክና ቅርጽ ካለቀ በኋላ ነው ዓይነት የሚመጣው። ሙሉ ሄልሜት የሚባለው አገጭን ጨምሮ ዙሪያውን የሚሸፍነው ነው። ተነሺው፣ በተለምዶ ሞጁላር የሚባለው፣ የአገጩ ክፍል ቁልፍ ሲነካ ወደ ላይ ይነሳል። ክፍቱ ጆሮንና ማጅራትን ሸፍኖ ፊትን ይተዋል። ግማሽ የሚባለው ደግሞ አናት ላይ ብቻ የሚቀመጠው ነው።

በግማሹ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። ቀላል ነው፣ አይሞቅም፣ ፀጉር አያበላሽም። ጆሮን፣ ማጅራትንና አገጭን ግን ለአስፋልት ይተዋል። አልመክርም። የግንባታ ሠራተኛ ቆብ አድርጎ መንዳት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። እሱ ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ እንጂ ለውድቀት አልተሠራም።

ከተማ ውስጥ በአጭር ርቀት ዕቃ ለሚያደርስ ሰው፣ በየበሩ እየቆመ ደንበኛ ለሚያነጋግር፣ ክፍቱ ያጓጓል። ይገባኛል። ሙሉውን በቀን አሥር ጊዜ ማውለቅ ይሰለቻል። ሰው ደግሞ ሲሰለች መጀመሪያ ማሰሪያውን ይተዋል፣ ቀጥሎ ሄልሜቱን። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ምርጫዬ ተነሺው ነው። አገጩን አንስታችሁ ታወራላችሁ፣ ውኃ ትጠጣላችሁ፣ ስትነሱ ትዘጉታላችሁ። መነጽር ለሚያደርግ ሰውም ከሱ የሚሻል የለም። ከፍታችሁ ታጠልቃላችሁ፣ መነጽራችሁን ታደርጋላችሁ፣ ትዘጋላችሁ። ሙሉ ሄልሜት ላይ ግን መነጽሩ መጨረሻ ላይ በቀዳዳው ነው የሚገባው፤ የጉንጩ ስፖንጅ ለመነጽር እግር ቦታ ካልተወለት ዘወትር ጣጣ ነው።

የተነሺው ዋጋ ክብደቱ ነው። ሙሉ ሄልሜት ብዙውን ጊዜ ከ1.4 እስከ 1.7 ኪሎ ይመዝናል። ተነሺው ማጠፊያና መቆለፊያ ስላለው 1.8 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱ እጅ ላይ ትንሽ ነው፤ ሁለት ሰዓት ከተነዳ በኋላ አንገት ላይ ይታወቃል። ድምፁም ይበዛል። ርካሽ ተነሺ ደግሞ መቆለፊያው ቶሎ ይላላል። አገጩን ዝጉና በኃይል ወደ ላይ ግፉት፤ ከተንቀሳቀሰ ወይም አንዱ ወገን ብቻ ከቆለፈ ተዉት። የእንግሊዝ መንግሥት ሻርፕ የሚባለው የሄልሜት መመዘኛ ተነሺዎችን ሲፈትሽ፣ በምት ጊዜ አገጩ ስንት በመቶ ተቆልፎ እንደቆየ ለየብቻ ያወጣል። እንግሊዝ አገር የሚሸጥ ሞዴል ከሆነ ስሙን እዚያ መፈለግ ይቻላል።

ከከተማ ከተማ አገር አቋርጦ ለሚሄድ፣ ፒስታ መንገድ ላይ ለሚውል፣ ወይም ፍጥነት ለሚወድ ግን ሙሉው ነው። አቧራውን፣ የክረምቱን ዝናብ፣ ፊት ላይ የሚላተመውን ነፍሳት ሁሉ ይመልሳል። "ያፍነኛል" ለሚል ሰው መልሱ ከፊትና ከአናት የሚከፈት የአየር ማስገቢያ፣ ከኋላም ማስወጫ ያለውን መምረጥ ነው። ማስገቢያው ከውስጥ ፎሙን በስቶ የሚያልፍ መሆኑን ስፖንጁን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ከውጭ ብቻ ተለጥፎ ውስጡ ድፍን የሆነም አጋጥሞኛል።

አውሮፓ የተፈተሸ ሄልሜት ማሰሪያው ላይ የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ አለችው። ክብ ውስጥ ኢ ፊደልና የአገር ቁጥር ይታያል፤ ለምሳሌ 1 ጀርመን፣ 3 ጣሊያን ነው። ከሥሩ ያለው ረጅም ቁጥር በ06 ከጀመረ በአዲሱ የኢሲኢ 22.06 ደረጃ፣ በ05 ከጀመረ በቀድሞው የተፈተሸ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ደግሞ ስለ አገጩ ትናገራለች። ፒ ከሆነ አገጩ ተፈትሾ አልፏል። ጄ ከሆነ እንደ ክፍት ሄልሜት ብቻ ነው ያለፈው። ሁለቱም ካሉበት ተከፍቶም ተዘግቶም ይሠራል። ኤንፒ ካለ አገጩ አይከላከልም ማለት ነው፤ ሙሉ ቢመስላችሁም እንደ ክፍት ቁጠሩት።

የአሜሪካው ዶት (DOT) የሚባለው የደረጃ ምልክት የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። አምራቹ ራሱ "አሟልቻለሁ" ብሎ ይለጥፋል፣ መንግሥት ከገበያ እያነሳ ይፈትሻል። በዚህ ምክንያት ፎርጅድ ተለጣፊ ይበዛል። የሚዛን ነገር እዚህ ላይ ይረዳል። ደረጃውን ያሟላ ሄልሜት 1.3 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ውስጡ ያለው ደረቅ ፎምም 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ ፎሙ እንደ ካርቶን የሳሳ ከሆነ፣ ዶት ተጽፎበት ቢሆንም አትመኑት። የህንድ ሥሪት ከሆነ የአይኤስአይ ምልክትና አይኤስ 4151 የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ህንድ ውስጥ ያለ እሱ መሸጥ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2021 ጀምሮ ክልክል ነው።

ማሰሪያው

ባለ ሁለት ቀለበቱ ማሰሪያ ሁልጊዜ በልካችሁ ይጠብቃል፣ የሚሰበር ክፍል የለውም፤ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ማሰር አለባችሁ። ጥርስ ያለው ወደ ውስጥ እየተገፋ የሚቆልፈው ፈጣን ነው፣ ቶሎ ቶሎ ለሚያወልቅ ሰው ያመቻል። ሥራዬ ብሎ የሚያስር ሰው ባለ ቀለበቱን ይውሰድ። "ቸኩያለሁ" የሚል ሰው ግን ጥርስ ያለውን ይግዛ፤ የታሰረ ርካሽ ማሰሪያ ካልታሰረ ውድ ማሰሪያ ይሻላል። በሁለቱም ቢሆን ከአገጭ ሥር ሁለት ጣት ብቻ ማስገባት አለበት። ጉሮሮ የሚፈገፍግ ከሆነ ማሰሪያው የሚለብሰው ጨርቅ እንዳለው እዩ።

ያለውን ማስተካከል ወይስ አዲስ መግዛት

ችግሩ ጉንጭ ላይ ብቻ ከሆነ አዲስ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። ብዙ ሄልሜቶች የጉንጭ ስፖንጃቸው በቁልፍ ተነቅሎ ይወጣል። የታወቁት ፋብሪካዎች ወፈርና ሳሳ ያለ ለየብቻ ይሸጣሉ። በአምስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ብቻ ሄልሜቱ ሌላ ይሆናል። መለዋወጫው ካልተገኘ፣ ልል የሆነውን የጉንጭ ስፖንጅ አውጥታችሁ ከጨርቁ ሥር ስስ ስፖንጅ መጨመር ይቻላል። በሁለቱም ጉንጭ እኩል ይሁን። አናት ላይ ግን አትጨምሩ፤ ሄልሜቱ ከፍ ብሎ ይቀመጥና ማሰሪያው በትክክል አይይዝም።

ደረቁን ፎም በማንኪያ የሚጨፈልቁ፣ በምላጭ የሚልጡ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ግንባራችሁን የወጋው ያ ቦታ በአደጋ ቀን የሚያድናችሁ ቦታ ነው። እዚያ ጋ የሚያም ከሆነ ሄልሜቱን ስጡና ለእናንተ የሚሆን ፈልጉ።

ያገለገለ የታወቀ ስም ያለው ሄልሜት እና አዲስ ርካሽ ቢቀርብላችሁ? ባለቤቱን በቅርብ የምታውቁት፣ ወድቆ እንደማያውቅ የምታምኑት ካልሆነ በስተቀር አዲሱን ርካሽ እመርጣለሁ፤ ያ የፈተና ምልክት እስካለው ድረስ። ደረቁ ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ከውጭ ቀለሙ እንዳማረ፣ ከውስጥ ሥራውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ስፖንጁም በሌላ ሰው ጭንቅላት ቅርጽ ረግቧል። የተመረተበት ቀን ብዙ ጊዜ ውስጡ ላይ ይጻፋል። በአገልግሎት ላይ ከዋለ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው መለወጥ ፋብሪካዎች በብዛት የሚመክሩት ነው።

እግረ መንገዴን፦ ስትቆሙ ሄልሜታችሁን የሞተሩ መስታወት ላይ አትስቀሉት። የመስታወቱ ጫፍ ደረቁን ፎም ውስጥ ውስጡን ጎድጎድ ያደርገዋል። የውጩን በቤንዚን ወይም በቲነር መወልወልም ፕላስቲኩን ያደርቀዋል። ለብ ያለ ውኃና ትንሽ ሻምፑ ይበቃል። ስፖንጁም በዚያው ይታጠባል፤ ጥላ ውስጥ ይድረቅ።

ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው

ለተሳፋሪ ተብሎ የሚያዘው ሄልሜት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፣ እሱም "ለሁሉም ይሆናል" ተብሎ የተገዛ ኤክስ ላርጅ ነው። ለሁሉም ስለሚገባ ለማንም አይሆንም። ሰው በየዕለቱ የምታፈናጥጡ ከሆነ ከአንድ ትልቅ አንድ ሚዲየም ቢቀመጥ ይሻላል፤ አቅም ከፈቀደ ደግሞ ሚዲየምና ላርጅ። ለየተሳፋሪው የሚለወጥ ስስ የጨርቅ ቆብ ብትይዙ ላቡንም ሽታውንም ይይዛል። ሰው የሰውን ሄልሜት የሚጠላው በዚያ ስለሆነ ከዚህ በኋላ እምቢ የሚል ይቀንሳል። የእናታችሁ ልጅ ብትሆንም ማሰሪያዋን ራሳችሁ አይታችሁ ነው መነሳት። ለልጅ የአዋቂ ሄልሜት በጨርቅ ሞልቶ ማድረግ አይሆንም። ክብደቱ ለአንገቱ ይከብዳል፣ ከራሱም ይዞራል።

ከውጭ ሲላክላችሁ

አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ "ሄልሜት ልላክልህ፣ ቁጥርህ ስንት ነው?" ሲል የተለመደው መልስ "ላርጅ" ነው። በዚያ ከተገዛ ልኩ የመምጣቱ ነገር ዕድል ነው፤ ካልሆነ ደግሞ መመለስ አይቻልም። ሦስት ነገር ላኩለት። አንደኛ የዙሪያችሁን ልክ በሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛ ያንን ከላይ የተነሳችሁትን ፎቶ፣ ሦስተኛ አሁን ያለውን ሄልሜታችሁን ስምና ቁጥር፣ የት ጋ እንደሚያማችሁ ጭምር። እዚያ ያሉ ደህና ሱቆች ይህን ይዞ ለመጣ ሰው ቅርጹን አስልተው ይሰጣሉ። ዘመዳችሁ የራሱን ጭንቅላት ሞክሮ እንዳይገዛ ግን አስቀድማችሁ ንገሩት። ወንድም ከወንድም እንኳ በቅርጽ ይለያያል። ሻንጣ ውስጥ ሲገባ ውስጡ በልብስ ይሞላ፣ በላዩ ከባድ ዕቃ አይጫን።

እዚሁ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ በሁለት ቀን ውስጥ እንደሚቀይርላችሁ ተስማሙ። ብዙዎቹ ጭረት እስከሌለው ድረስ ይቀይራሉ። ከዚያ ሞተር ላይ ሳትወጡ፣ የሄልሜቱ መስታወት ላይ ያለውን ላስቲክ ሳትልጡ፣ ማታ ቤት ውስጥ አድርጉት። ዜና እያያችሁ፣ ቡና እየተፈላ፣ አንድ ሰዓት ያህል። ግንባራችሁ ካላጉረመረመ በማግስቱ ላስቲኩን ልጣችሁ ንዱበት።